ስሙን ማንሳት

ሰሞኑን ከብዶኛል። ዛሬ ደግሞ ገንዘቤ ያለበት ሰውዬ ደወለና "እግዚአብሔርን! እስከ ዓርብ በእጅህ ነው" አለኝ። ባለፈውም እንዲሁ ምሎ ነበር። ገንዘቡን ትቼዋለሁ። መሐላው ግን ውስጤ ቀረ።

ሰንበት ትምህርት ቤት የሸመደድነው ትዕዛዝ መጣብኝ። "የእግዚአብሔርን የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ።" በእኛ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ሁለተኛው ነው፣ በአይሁድ ሦስተኛው። ዘጸአት 20፥7ን ከፍቼ ከዕብራይስጡ ጋር ሳስተያይ አመሸሁ።

"አትጥራ" በሚለው ቦታ ዕብራይስጡ "ሎ ቲሳ" ይላል። ግሱ "ናሳ" ነው፦ ማንሳት፣ መሸከም። የግዕዙ "ነሥአ" የሥጋ ዘመዱ ነው፣ የእኛም "አነሳ" ከዚያው ቤት ነው። እኛ "ስሙን አታንሳብኝ" ስንል መጥራትን ማለታችን ነው። "ሸክሙን አንሳ" ስንል ደግሞ ትከሻን። አማርኛችን ሁለቱንም በአንድ ግስ ይዟቸዋል፤ ይሄ በጣም ደስ አለኝ።

እንግዲህ ትዕዛዙ የትኛውን ማንሳት ነው የሚከለክለው? የአይሁድ መምህራን በዋናነት ከሐሰት መሐላ ጋር ያያይዙታል። "በከንቱ" ተብሎ የተተረጎመው "ላሻቭ" ባዶም ከንቱም ሐሰትም ነው። በዘዳግም 5 "የሐሰት ምስክር" የተባለውም በዚሁ በ"ሻቭ" ነው። ስለዚህ የሰውዬው ስልክ በደንብ ይገባበታል።

ዘጸአት 28 ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። አሮን ወደ መቅደስ ሲገባ የአሥራ ሁለቱን ነገድ ስም በደረቱ ላይ፣ በልቡ ላይ ይሸከማል። ግሱ ያው "ናሳ" ነው። አሮን እዚያ ምንም አይናገርም። ስሞቹ በድንጋይ ተቀርጸዋል፣ እሱ ይዟቸው ይራመዳል። ዘኍልቍ 6 መጨረሻ ላይ ደግሞ ካህናቱ ሕዝቡን ሲባርኩ የእግዚአብሔርን ስም በሕዝቡ ላይ ያደርጋሉ። ስሙ የተደረገበት ሕዝብ ተሸካሚ ነው። አፉን ቢከፍትም ባይከፍትም።

ትዕዛዙ ስሙን በከንቱ መሸከምንም ይከለክላል የሚለውን ይህን ንባብ የማይቀበሉ አሉ፣ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። በመዝሙር 15 (በዕብራይስጡ 16) ዳዊት የጣዖታትን ስም "በከንፈሬ አልጠራም" ሲል ግሱ "ናሳ" ነው። ስም ማንሳት የአፍ ሥራ መሆኑ እዚያ ግልጽ ነው። እኔ ግን "በከንፈሬ" መባሉ ራሱ ያሳስበኛል። በትዕዛዙ ውስጥ ከንፈር የለም። ማንሳት ብቻ ነው ያለው፣ በምን እንደሚነሳ ሳይባል።

አይሁድ ስሙን ከአፋቸው ካራቁት ብዙ ዘመን ሆኗል። ሲያነቡ "አዶናይ" ይላሉ፣ በዘወትር ንግግር "ሀሼም"፣ ማለትም "ስሙ"። ይህን ፍርሃት እወደዋለሁ። እኛ ዘንድ በአንድ የገበያ ቀን ስንት ጊዜ "እግዚአብሔርን" እንደሚባል ሳስብ ያመኛል። ደግሞ እኮ በየስማችን ውስጥ አለ። ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ እያልን ልጆቻችን ላይ እናስረዋለን። አንገታችን ላይ ማተብ አለ። ከቤት ስንወጣ ስሙን ይዘን ነው የምንወጣው። በሚዛን ላይ ስንቆም፣ ቢሮ ወረቀት ስንፈርም፣ ሠራተኛ ስንቆጣ ይዘነው ነው።

ይሄ ካልሆነ ያ ከባድ ማስጠንቀቂያ፣ "ከበደል አያነጻውም" የሚለው፣ ለምን ከዚህ ትዕዛዝ ጋር ተጣበቀ? ለአንደበት ብቻ ነው?

እናቴ አትምልም። እኔም ከእሷ ወስጄ አልምልም። እስከ ዛሬ ይሄን ትዕዛዝ የጠበቅሁት እንደሆነ አድርጌ ነው የኖርኩት። ግን ዝም ብሎም ስሙን በከንቱ መሸከም ከተቻለ፣ ያልማልኩበት ቀን ሁሉ ንጹሕ ነበር ማለት እችላለሁ?