ውስጥ እግርን ፕሮግራሙ አይቶት አያውቅም ነበር

የቆዳ ካንሰርን ከፎቶግራፍ የሚለይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ለመሥራት ዛሬ ዘዴው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 129,450 በሚሆኑ ፎቶዎች ያሠለጠኑት ፕሮግራም ከ21 የቆዳ ሐኪሞች ጋር ተወዳድሮ አላነሰም። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ለመሥራት የሚያስፈልገው ሶፍትዌርም በነፃ ይገኛል። እኔም ጎንደር፣ ማራኪ በተከራየሁት ክፍል፣ መብራት ሲመጣ ሌሊትም ቢሆን እየተነሣሁ ሠራሁት። ያስቸገረኝ ፎቶዎቹ የማን ቆዳ ናቸው የሚለው ነገር ነው።

የጀመርኩት ሃም10000 በሚባለው ስብስብ ነው። በውስጡ ከቪየና እና ከአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ የተገኙ 10,015 ፎቶዎች አሉ፤ ሁሉም ደርማቶስኮፕ በሚባለው፣ ቆዳን አጉልቶ በሚያሳየው ባለ መብራት ሌንስ የተነሡ ናቸው። 6,705ቱ ጉዳት የሌላቸው ጥቁር ነጥቦች ሲሆኑ ሜላኖማዎቹ፣ ማለትም አደገኛው የቆዳ ካንሰር፣ 1,113 ናቸው። እንግዲህ ያየውን ሁሉ «ጉዳት የሌለው ነጥብ» የሚል ፕሮግራም 67 ከመቶ አገኘ ይባላል፤ አንድም ሕመምተኛ ግን አላዳነም። ስለዚህ ጥቅል ውጤቱን ወደ ጎን ትቼ ከሜላኖማዎቹ ስንቱን ያዘ፣ ስንቱስ አመለጠው እያልኩ ለካሁ፤ ሜላኖማን መሳት ከሌላው ስሕተት ሁሉ የከበደ ቅጣት እንዲኖረውም አደረግሁ።

ከፎቶዎቹ ጋር ያለውን ሠንጠረዥ በጥንቃቄ ማንበብ ብዙ ጠቅሞኛል። 10,015ቱ ፎቶዎች የተነሡት ከ7,470 ቁስሎችና ነጥቦች ነው፤ አንዱ ነጥብ ሁለት ሦስት ጊዜ የተነሣበት አለ። ከእነዚህ አንዱ ለሥልጠና፣ መንትያው ለፈተና ከዋለ ፕሮግራሙ የሚፈተነው መልሱን አስቀድሞ ባየው ጥያቄ ነው። ስለዚህ የከፋፈልኩት በፎቶ ሳይሆን በነጥብ መለያ ቁጥር ነው። ፕሮግራሙ ውሳኔ ሲሰጥ የትኛውን የፎቶ ክፍል እንደተመለከተ በቀለም የሚያሳየውን ዘዴም ተጠቀምኩ፤ አንዳንዴ ቆዳውን ትቶ ጎኑ ላይ የተቀመጠውን ማስመሪያ ሲመለከት ይታያል፤ እንዲህ ያሉትን ፎቶዎች ጠርዛቸውን ቆረጥኩ።

በዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ ፎቶው የሰውነት የትኛው ክፍል እንደሆነ የሚናገር ዓምድ አለ። ጀርባ ከ2,000 በላይ ነው። መዳፍና ውስጥ እግርን ለይቶ በሚጠቅሰው ስም የተመዘገቡት ደግሞ 7 ብቻ ናቸው። ይህን ቁጥር ሳይ ደነገጥኩ። በጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ በአብዛኛው የሚወጣው ፀሐይ በሚመታው ቦታ ሳይሆን በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ያረፈው ቦብ ማርሌይ ሕመሙ የጀመረው ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ነበር። በዙሪያችን ያለው ገበሬ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ባዶ እግሩን የሄደ ነው፤ እግሩ የተሰነጠቀ፣ የጠቆረ፣ በእሾህ የተወጋ። አዲስ ጥቁር ነገር ቢወጣበት ማን ልብ ይላል?

በፈቃዳቸው እግራቸውን ካሳዩን ሰዎች መካከል ከደምቢያ የመጡ አባት ነበሩ። አብራኝ የምትሠራው ነርስ እግራቸውን በሳሙና አጥባ አደረቀችና «አባቴ፣ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?» አለቻቸው። «እሾህ ወግቶኝ ነው ልጄ፤ ዓመት አልፎታል። ጠበልም ገብቻለሁ» አሉ። «ጠበሉን ይቀጥሉ፤ ሐኪሙም ይየው» አለቻቸው። ፎቶውን አነሣሁ። ፕሮግራሙ ያለ ጥርጥር «ጉዳት የሌለው» አለ።

ነርሷ ግን ውስጥ እግራቸው ላይ ያለውን ቡናማ እድፍ በቀለም እስክሪብቶ ቀባችውና ወዲያው በጨርቅ ጠረገችው። ውስጥ እግር ላይ እንደ ጣት አሻራ ጎን ለጎን የሚሄዱ መስመሮች አሉ፤ ቀለሙ በስርጉዱ ውስጥ ይቀራል፣ ከፍ ካለው ላይ ይጠረጋል። ቡናማው እድፍ ስርጉዱን ተከትሎ ከሄደ ብዙውን ጊዜ አያሠጋም፤ ከፍ ባለው መስመር ላይ ከተኛ ግን ሜላኖማ ያስጠረጥራል። የእሳቸው ከፍ ባለው ላይ ነበር። ናሙና ተወሰደ፤ የፓቶሎጂው (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ክፍል) መልስ ሜላኖማ ሆነ። ገና ስስ ስለነበር በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው።

እኔ ፎቶዎቹን ለሥልጠና ወደ 224 በ224 ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች) አሳንሼ ነበር፤ አብዛኛው ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ለጀርባ ይበቃል። ለውስጥ እግር ግን በዚያ መጠን መስመሮቹ ተዋሕደው ይጠፋሉ፤ ሐኪሙ የሚፈርድበት ምልክት ለኮምፒውተሩ ከነአካቴው አልደረሰውም ማለት ነው። አሁን ፎቶውን ሳላሳንስ በቁራጭ በቁራጭ አስነብበዋለሁ፤ በስልኩ ላይ የሚገጠም ደርማቶስኮፕም የግድ ሆኗል። ሁለት ፎቶም ይነሣል፤ አንዱ የነርሷ ቀለም ከመቀባቱ በፊት፣ አንዱ ከተጠረገ በኋላ።

ፕሮግራሙ «ደህና ነዎት» እንዲል አልፈቅድለትም። ቃሉን ከገጹ አውጥቼዋለሁ። ሥራው ወረፋ ማስያዝ ብቻ ነው፤ ማን ቀድሞ ሐኪም ፊት ይቅረብ የሚለውን ይጠቁማል፣ የሚጠቁመውም ለነርሷ ነው። የእኛን ሰው እግር ፎቶ ደግሞ ከፓቶሎጂ መልሱ ጋር እያያያዝን፣ ስም ሳንጽፍ እያስቀመጥን ነው። ስብስቡ ገና ትንሽ ነው፤ መልስ ያልመጣለት ፎቶ ለሥልጠና አይገባም።