ባለቤቴን ተከትዬ ለካናዳ የሥራ ፈቃድ ሳመለክት ያየሁት

ባለቤቴ ዶክትሬቷን ልትማር ካናዳ ስትሄድ እኔ አዲስ አበባ ቀረሁ። መሥሪያ ቤቴ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው፤ በዚያ ሰፈር ከቡና ጋር የቪዛ ወሬ አይጠፋም። ማመልከቻውን ከመሙላቴ በፊት የተከለከሉ ጓደኞቼን ደብዳቤያቸውን እየለመንኩ አነበብኩ። ከየትኛውም ኤጀንት ምክር የበለጠ የጠቀመኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ያጣራሁት ማመልከት እችል እንደሆነ ነው። ከጃንዋሪ 21፣ 2025 ወዲህ ከተማሪዎች መካከል ለትዳር አጋራቸው ክፍት የሥራ ፈቃድ (በአንድ ቀጣሪ ያልተገደበ ፈቃድ) የሚሰጠው ዶክትሬት፣ ቢያንስ 16 ወር የሚፈጅ ማስተርስ ወይም የተወሰኑ የሙያ ትምህርቶች ለሚማሩት ነው። የአንዱ ጓደኛዬ ሚስት የምትማረው የአንድ ዓመት ማስተርስ ነበር። ኤጀንቱ ይህን እያወቀ ብሩን ተቀበለው።

ዋናው ፈተና ግን ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ማሳየት ነው። እኛ ዘንድ የትዳር ምስክሩ ሰው ነው፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ድግስ ተደግሶ፣ ጎረቤት በልቶ መርቆ። የቪዛ መኮንኑ የሚያየው ወረቀት ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከወረዳ የምናወጣው ቪዛ ሲመጣ ነው። ሰርጉ በ2011 ተደግሶ ምዝገባው ዘንድሮ ከሆነ ለጉዞ ሲባል የተፈረመ ይመስላል። የእኛም ምዝገባ ከሰርጉ ዘግይቶ ስለነበር የቤተ ክርስቲያኑን ሰነድ፣ የሽምግልናና የሰርግ ፎቶዎችን ከነቀናቸው አያያዝኩ፤ የዘገየበትንም ምክንያት ጻፍኩ። የቤተሰብ ሕጋችን በሃይማኖትም በባህልም የተፈጸመ ጋብቻን እንደሚቀበል ጨመርኩበት። ሚስት የባሏን ስም አለመያዟ ለእኛ ነገር አይደለም፣ ለውጭ ሰው ግን ግራ ነው፤ እሱንም በአንድ መስመር አስረዳሁ።

ሒሳቤ ላይ ደግሞ ድንገት የገባ የእቁብ ብር ነበር። ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ ከሌላ ሰው የተበደሩት ይመስላል። የእቁባችንን ዳኛ ደብዳቤ ጻፍልኝ ስለው ሳቀብኝ፤ ጻፈው ግን።

ካነበብኳቸው ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ላይ ያለው ምክንያት «ጊዜዎ ሲያበቃ ካናዳን ለቀው ይወጣሉ ብዬ አላመንኩም» የሚል ነው። ለዚህ ብለው ካናዳ መቅረት ጨርሶ አልፈልግም ብለው የሚምሉ አሉ። አያስፈልግም። የኢሚግሬሽን ሕጋቸው አንቀጽ 22(2) በቋሚነት የመኖር ሐሳብ ያለው ሰው ፈቃዱ ሲያበቃ እንደሚወጣ ካሳመነ በጊዜያዊነት መግባት እንደሚችል ይናገራል። እኔ ያቀረብኩት የባለቤቴ ትምህርት የሚያበቃበትን ጊዜና የመሥሪያ ቤቴን ያለደመወዝ ፈቃድ ደብዳቤ ነው።

ከተከለከሉት ጓደኞቼ አንዱ ያገባው ግንቦት 6 ቀን 2015 ነው። አስተርጓሚው ወሩን ወደ ሜይ ሲቀይር ዓመቱን እንዳለ ተወው፤ ፎርሙ 2023 ሲል ትርጉሙ 2015 አለ። ደብዳቤው ስለዚህ አንድ ቃል አልነበረውም። ሚስቱ እዚያው ካናዳ ሆና 5 ዶላር ከፍላ የመኮንኑን ማስታወሻ ስታስወጣ ነው የታየው። ውሳኔውን በመቃወም በ60 ቀን ውስጥ ወደ ካናዳ ፌዴራል ፍርድ ቤት መሄድም ይችል ነበር። እሱ ግን ትርጉሙን አሳርሞ እንደገና አመለከተ፣ ተሰጠውም።