ፕሮጀክተሩ መቼ ይብራ?

ነገ የማስተምረው የጋዝ ሕጎችን ነው፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ። እንዲህ ያለ ርዕስ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ጠመኔ ማሳየት የማይችለው የቱን እንደሆነ ነው። ቀመርና ስሌት የሰሌዳ ሥራ ነው። በጽሑፍ የታጨቀ ስላይድ ተማሪውን ገልባጭ ያደርገዋል፤ ጠመኔ ግን ከእጄ አይፈጥንም፣ ደብተሩም አብሮ ይሄዳል።

ሰሌዳ የማይሆንለት የቅንጣቶቹ እንቅስቃሴ ነው። ለዚህ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ በነጻ የሚያቀርበው የፌት (PhET) ሲሙሌሽን፣ ማለትም ቅንጣቶቹን በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሳየው ፕሮግራም፣ ይበቃል። ቮልዩሙ እንዳይለወጥ አድርጎ 200 ያህል ቅንጣት ማስገባት፤ በ10 ከተሞከረ ግጭቱ ጥቂት ስለሚሆን የግፊት መለኪያው ይዋዥቃል፣ ተማሪው የቱን ቁጥር እንደሚይዝ ግራ ይገባዋል። በ300 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ) ያለውን ግፊት ሁሉም ይመዝግብ። እዚህ ላይ ማቆም። «600 ቢደርስ ግፊቱ ስንት ይሆናል?» ግምቱ ደብተር ላይ ሳይሰፍር ማሞቂያው አይነካም፤ መልሱ ከታየ በኋላማ «አውቄው ነበር» የማይል የለም።

ቀጥሎ ሰሌዳ፦ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 54 ቢወጣ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል? አይሆንም። ግፊቱ እጥፍ የሚሆነው የኬልቪኑ ቁጥር እጥፍ ሲሆን ነው፤ ይህ ግን በኬልቪን ከ300 ወደ 327 ነው፤ ጭማሪው 9 በመቶ ብቻ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜው ለዚህ ይትረፍ። ፕሮጀክተሩ ከ12 ደቂቃ በላይ ባይበራ እመርጣለሁ።

ማቆም መቻል ትልቅ ነገር ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የገባው የፕላዝማ ትምህርት ጉድለቱ ይኸው ነበር፤ ከሳተላይት የሚመጣውን ትምህርት መምህሩ «ቆይ» ሊለው አይችልም ነበር።

ፋይሉ አስቀድሞ ወርዶ ላፕቶፑ ላይ ይቀመጥ፤ ፍላሽ ብቻ አይታመንም። የጋራ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ በቫይረስ ሁሉም ፋይል ሾርትከት ሆኖ መምጣቱ የተለመደ ነው። ፕሮጀክተሩ ያለው ቪጂኤ (የቆየው የምስል ገመድ መሰኪያ) ብቻ ከሆነ አዳፕተር መያዝ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ባለ አምፖሉ ፕሮጀክተር ኃይል ቢመለስም ወዲያው አይነሳም፤ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ቆሞ ከመጠበቅ ሁለት ሳጥን መሳል ነው፤ ነጥቡ ቅንጣት፣ ቀስቱ ፍጥነት ነው፦ በሁለቱም እኩል ነጥብ፣ በቀዝቃዛው አጭር ቀስት፣ በሞቃቱ ረጅም። የ300 ኬልቪኑ ንባብ ደብተር ላይ ስላለ ስሌቱ ከዚያው ይቀጥላል።