ማግ የሌለው መቀነት

አብራሪው «የዊኒፔግ ሙቀት ከዜሮ በታች 27 ነው» ሲል አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ፈገግ አሉ። ሙቀት ካሉት አይቀር ብዬ እኔም ሳቅሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር እስከ አክስቴ ልጅ መኪና ያለችው ሃያ እርምጃ ግን ሳቄን ቀማችኝ፤ የአፍንጫዬ ፀጉር እንደ ሽቦ ደረቀ።

«እንኳን ወደ ዊንተርፔግ በደህና መጣህ» አለችኝ። ነዋሪው ራሱ ነው ከተማውን እንዲህ እያለ የሚቀልደው።

ከቶሮንቶ የሄድኩት ለሦስት ቀን ነው። የፌብሩዋሪን ሦስተኛ ሰኞ እኛ ኦንታሪዮ ያለነው «የቤተሰብ ቀን» ብለን ሥራ እንዘጋለን፤ ማኒቶባ ደግሞ ያንኑ ሰኞ ከ2008 ጀምሮ «የሉዊ ሪየል ቀን» ብላዋለች። ቅዳሜና እሁድ እሷ ፈረቃ ነበራት፤ እኔ ቤቷ ተቀምጬ ያደረ ሽሮ እያሞቅሁ በመስኮት በረዶ ሳይ ዋልኩ። ስለዚያ የሚጻፍ ነገር የለም። ሰኞ ጠዋት ግን ሁለት ካልሲ፣ ሁለት ሱሪና ከባሏ የተዋስኩትን ካፖርት ደራርቤ ተያይዘን ወጣን።

መጀመሪያ የሄድነው ወንዙ ማዶ ወዳለው የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ሰፈር፣ ወደ ሴንት ቦኒፌስ ነው። እዚያ ፊቱ ብቻ የቀረ ካቴድራል አለ። በ1968 ተቃጥሎ የፊት ለፊቱ ግንብ ሲተርፍ፣ ከኋላው አነስ ያለ ቤተ ክርስቲያን ሠሩና ግንቡን ጣሪያ አልባ እንደሆነ ተዉት። በትልቁ ክብ መስኮት መስታወት የለም፤ የሚታየው ሰማይ ነው። ከፊቱ ባለው መካነ መቃብር ሉዊ ሪየል ተቀብሯል፤ የሜቲስ ሕዝብ መሪ የነበረው። ሜቲስ የሚባሉት ከአውሮፓ የመጡ የፀጉር ቆዳ ነጋዴዎች ከነባሩ ሕዝብ ሴቶች የወለዷቸው፣ በጊዜ ብዛት የራሳቸው ቋንቋ፣ የራሳቸው ጭፈራና ባንዲራ ያላቸው ሕዝብ ሆነው የቀሩ ናቸው። ሪየል በ1869 ጊዜያዊ መንግሥት አቋቁሞ፣ በ1870 ማኒቶባ ራሷን የቻለች ክፍለ ሀገር ሆና ካናዳ እንድትገባ መንገዱን ከፈተ። በ1885 ያችው ካናዳ በአገር ክህደት ፈርዳበት ሬጃይና ላይ ሰቀለችው። አሁን በስሙ ሥራ ተዘግቶ ልጆች በረዶ ላይ ይንሸራተታሉ። በላይ ዘለቀ ትዝ አለኝ። ሰቅሎ ሲያበቃ ማወደስ የኛ አገር ብቻ አመል ይመስለኝ ነበር።

የመቃብሩ ድንጋይ ላይ አንድ ሰው ቀይ መታጠቂያ ጠምጥሞበት ሄዷል። ዘርፉ በረዶ ይዞ ደርቋል። ያን ጊዜ ልብም አላልኩት።

ከዚያ ወደ በዓሉ ሄድን። «ፌስቲቫል ዱ ቮያዠር» ይሉታል፤ ከ1970 ጀምሮ በየዓመቱ በዚሁ በብርዱ ልብ ላይ ይከበራል። ቮያዠር ማለት በታንኳ ሸቀጥ ወደ ውስጥ አገር፣ ቢቨር የሚባለውን የወንዝ እንስሳ ቆዳ ወደ ውጭ የሚያመላልስ የጉልበት ሠራተኛ ነበር። ወንዙ ፏፏቴ ላይ ሲያደርሳቸው ታንኳውንም ዕቃውንም ተሸክመው በእግር ያልፋሉ። አንዱ እስር 41 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ሰው የሚሸከመው ደግሞ ሁለት እስር ነው። ወገባቸው እንዳይከዳቸው በረጅም የሱፍ መቀነት ጥፍንግ አድርገው ይታሰራሉ። መርካቶ ተሸካሚ ሲያይ ላደገ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

በሩን አልፈን ስንገባ ዓይኔ የገባው ሁሉ ቀይ ነው። ጋሪ ውስጥ የተኛው ሕፃን፣ ትኬት የሚቆርጠው ጎረምሳ፣ በረዶ ላይ ትኩስ የሜፕል ሽሮፕ አፍስሳ በእንጨት እየጠቀለለች የምትሸጠው ልጅ፣ ሁሉም ካፖርታቸው ላይ ቀይ ጥለታም መቀነት አስረው ዘርፉን ጎናቸው ላይ ለቀውታል።

«እማዬ ይሄን ሁሉ ወንድ በመቀነት ባየች!» አለች የአክስቴ ልጅ።

«የኛም ወንድ እኮ ድግ ይታጠቅ ነበር» አልኳት። «ማደግደግ የሚባለው ከየት የመጣ መሰለሽ?»

አልሰማችኝም፤ የአተር ሾርባ ሰልፍ ውስጥ ገብታለች።

የቮያዠሩ መቀነት ለወገብ ብቻ አልነበረም። ፎጣ ይሆናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ልብስ ሲቀደድ ከዘርፉ አንድ ክር መዝዞ መስፊያ ይሆናል፣ ጫፉ ላይ ቁልፍ ይታሰርበታል። እዚህ ላይ እናቴ መጣችብኝ። የዕድር ብሯ፣ የቁም ሳጥኗ ቁልፍ፣ አንዳንዴም ከወንድሞቼ ደብቃ ለእኔ ያስቀረችው ከረሜላ ይቋጠር የነበረው መቀነቷ ጫፍ ላይ ነው። ያንን ቋጠሮ ስትፈታ የሚሰማኝ ጉጉት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

በዓሉ ግቢ ውስጥ ፎርት ጂብራልታር የሚባል ቦታ አለ፤ የድሮ የንግድ ምሽግ አስመስለው እንደገና የሠሩት፣ በግንድ አጥር የተከበበ ነው። ከግንድ ቤቶቹ አንዱ ጋ እሳት ሲነድ አይተን ለመሞቅ ገባን። ጥግ ላይ ከሰባ የማያንሱ ሴትዮ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ ከተመታች ምስማር ብዙ የሱፍ ክር ይወርዳል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ነጭ። ጣቶቻቸው ክሩ ውስጥ ይገባሉ ይወጣሉ። ቆም ብዬ መሣሪያውን ፈለግሁ። መወርወሪያ የለም። መርገጫ የለም። ጉድጓድም የለም።

እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። አባቴ ከጨንቻ ደጋ፣ ከዶርዜ፣ በልጅነቱ ወጥቶ ሽሮ ሜዳ ከገባ ጀምሮ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ፣ እጁ ድር ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ ቀሰም ላይ ማግ ማጠንጠን ነበር። ድር ቆሞ የሚጠብቀው፣ ማግ የሚመላለሰው እንደሆነ ያወቅሁት ከሀ ሁ በፊት ነው። አስተማሪ «የአባትህ ሥራ?» ሲለኝ ግን «ነጋዴ» እል ነበር። ሠራተኛን በሙያው መስደብ በምኒልክ ጊዜ በአዋጅ ተከልክሏል፤ አዋጁ የኛ ክፍል ድረስ አልደረሰም መሰለኝ። በዓል ሲሆን የእኒያው የክፍሌ ልጆች እናቶች አባቴ የሠራውን ጥለት ለብሰው ይመጡ ነበር። ብቻ እኔ ጥበቡን ሳልማር አደግሁ፤ ማጠንጠን እችላለሁ፣ መሸመን አልችልም።

ሴትዮዋ ማየቴን አይተው ወንበር ሳቡልኝ። እስኪገባኝ ቆየ። እሳቸው ጋ ማግ የሚባል ነገር የለም። ከድሩ አንዱ ክር ከቦታው ይነሳና በጓደኞቹ መካከል አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እያለ ተሻግሮ ዳር ይደርሳል። ዳር ሲደርስ ተመልሶ ድር ሆኖ ይቆማል። ቀጥሎ ሌላው ይነሳል። ማግነት በየተራ ነው፣ እንደ ዕቁብ፤ ተራው የማይደርሰው ክር የለም።

መቀነቱ ላይ ያለው የቀስት ቅርጽ የሚወጣው እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁ። የሁለት ቀለም ክሮች ከየአቅጣጫቸው መጥተው ሲገናኙ አይተላለፉም፤ ይቆላለፉና እያንዳንዱ ወደ መጣበት ይመለሳል። የቀስቱ ጥርስ ያ መመለሻ ነው። የጥለቶቹ ስሞች ቀስት፣ ነበልባል፣ መብረቅ ናቸው፤ መሃል ላይ የሚሮጠው ቀይ መስመር «ልብ» ይባላል። ሥራው የሚጀመረውም ከመቀነቱ መካከል ነው። ግማሹን ወደ ታች ጨርሰው ገልብጠው ደግሞ ሌላውን ግማሽ ይሠራሉ፤ ለዚህ ነው ቀስቶቹ ከወገብ ተነስተው ወደ ሁለቱም ጫፍ የሚሮጡት። እጃቸው ላይ የነበረውን ሁለት የበረዶ ወራት እንደያዙት ነገሩኝ። ያለቀው ከጣታቸው እስከ ትከሻቸው አይሆንም።

«ቁጭ በል፣ ልጄ» አሉና ለጀማሪ የሚሰጡትን አቀበሉኝ። እርሳስ ላይ የታሰሩ አሥራ ሁለት ክሮች፤ መሃል ቀይ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ዳርና ዳር ሰማያዊ። ስድስቱን በግራ፣ ስድስቱን በቀኝ። ከግራው ወገን ለመሃል የቀረበውን ክር አንስተህ በቀኞቹ ውስጥ ታሻግራለህ፤ ከቀኙ ወገን ለመሃል የቀረበውን አንስተህ በግራዎቹ ውስጥ ታሻግራለህ። ጠበቅ ታደርጋለህ። ከዚያ ደግሞ አሁን መሃል የመጡትን።

ይኸው ነው። ይኸው ነው ስል ግን እኔ ሰዓት ተኩል ፈጅቶብኛል። አምስት መስመር ላይ ቀዩ እንደ ቀስት ሾጠጥ ብሎ ሲወጣ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ሰባተኛው ላይ ወገቡ ቀጠነ፤ አጥብቄ ስቤዋለሁ። ዘጠነኛው ላይ አንድ ነጭ ክር ዘለልኩ። ከሁሉ የባሰው ግን የታችኛው ጫፍ ነው። ላይ የምታሻግረው ሁሉ ታች ደግሞ በራሱ ጊዜ ይጠላለፋል፤ በየሁለት ሦስት መስመሩ ወርደህ በጣትህ ማበጠር አለብህ። እኔ ስላላበጠርኩ ከእርሳሱ በታች የወፍ ጎጆ የሚመስል ነገር ሠርቼ ተገኘሁ። ሴትዮዋ ምንም ሳይሉ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሦስት መስመር ፈቱብኝ። አባቴ ቢሆን በእንጨት ጣቴን ቸብ ያደርገኝ ነበር።

እየፈቱ አወሩኝ። ነባሩ ሕዝብ አውሮፓዊ ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ በጣት ይሠራ ነበር፤ የሱፉ ክር በንግድ ገባ። ከሞንትሪያል በስተሰሜን ምሥራቅ ላሶምፕሲዮን የምትባል የኩቤክ ከተማ አለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአካባቢዋ ሴቶች ቤታቸው ተቀምጠው ለፀጉር ቆዳ ኩባንያዎች ይሠሩ ስለነበር መቀነቱ እስከ ዛሬ በሷ ስም ይጠራል። ክሩ እንደገና ይጠመዘዛል፣ ሰም ይቀባል። ጥሩ የሚባለው መቀነት ከሁለት መቶ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ለሠሪዋ የሚደርሳት ግን ትንሽ ነበር። ቆይቶ እንግሊዝ አገር በማሽን የተሸመነ አምሳያ መጣ። በሩቅ ሲያዩት አንድ ነው፤ ዋጋው ግን የትና የት። የጣቱ ሥራ ከጥቂት ሰዎች ቤት በቀር ጠፍቶ ነበር።

«የኛም እንዲሁ ነው» አልኳቸው። ሽሮ ሜዳ ሱቆቹ ፊት ተሰቅሎ የሚውለውን፣ ጥለቱ የታተመበትን የቻይና ቀሚስ ነገርኳቸው። አባቴ ዝም ብሎ አልፎት አያውቅም፤ ጫፉን በሁለት ጣት ይይዝና ገልብጦ ያየዋል፣ ከዚያ ይለቀዋል።

ስንወጣ በር አጠገብ ያለው መደብር ያንኑ ቀይ መቀነት በሃምሳ ዶላር ገደማ ይሸጣል። ገልብጬ አየሁት፤ የማሽን ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ካፖርቱ ላይ ያሰረውም ይኸው ነው። መጀመሪያ ከፋኝ። ደግሞ ሳስበው ሁለት መቶ ሰዓት የተለፋበትን ማን አስሮ ሾርባ ያፈስበታል? ሜቲሶች ዛሬም ትልቅ ሥራ የሠራን ሰው የሚያከብሩት መቀነት በማስታጠቅ ነው፤ ሴትዮዋም ለእሳት እንጨት ሲነሱ ጎረምሶቹ ቀድመው ተነሥተው ሲያመጡላቸው አይቻለሁ። እኔ አባቴን «ነጋዴ» ያልኩበት ክፍል ትዝ እያለኝ መኪና ውስጥ ገባሁ። የአክስቴ ልጅ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ከፍታ ስለ ሾርባው ታወራለች።

ማታ 3 ሰዓት ላይ ደወልኩ። ሽሮ ሜዳ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ አባቴ ተነሥቶ ጋቢውን ለብሶ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ስለደከመ ስልኩን ከፊቱ ጋር ሊያጣብቀው ምንም አልቀረውም።

«አባዬ፣ እይ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» ብዬ አንዲት ስንዝር የምታህለዋን ጥብጣብ ካሜራው ላይ ዘረጋሁ።

ዝም ብሎ አየ። «በምን ሠራኸው?»

«በጣት።»

«ማጉ የታለ?»

ድሩ ራሱ ማግ ይሆናል አልኩት። በዕቁብ አስረዳሁት። አልመለሰልኝም፤ ቅንድቡ ብቻ ከፍ አለ። ከዚያ «ምነው መሃል ላይ ከሳ?» አለ። አጥብቄ ስቤው ነው አልኩ። «እሺ፣ ጀርባውን አዙርልኝ።»

አባቴ ሥራ የሚያየው በጀርባው ነው፤ ፊቱ ሁሉን ሰው ያታልላል ይላል። አዞርኩለት። የዚህ ዓይነቱ ሽመና ግን ጀርባ የለውም፤ በሁለቱም በኩል ያው ቀለም፣ ያው ቀስት ነው። ስልኩን ይበልጥ አስጠጋ። ግንባሩ ብቻ ቀረልኝ።

«አዙረው አልኩህ እኮ» አለኝ።