በር ላይ ያቆየኋቸው ተቆጣጣሪ

የማታ ፈረቃ ኃላፊ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የጥበቃ ሠራተኛው ደውሎ «የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ነኝ የሚሉ ሴት መጥተዋል» አለኝ። ወርጄ መታወቂያቸውን አየሁ። ሥራ አስኪያጁ ሳይፈቅዱ ማስገባት እንደማልችል በትሕትና ነገርኳቸው፤ ደንብ ያከበርኩ መስሎኝ ነበር።

«መምጣቴን አሳውቄዎታለሁ፤ ለመግባት ግን ፈቃድ አያስፈልገኝም» አሉኝ። እኔ ስልክ ስደውል ሃያ ደቂቃ ቆሙ። በዚያ መሐል ከቆርቆሮ መቁረጫው ማሽን ላይ ለሳምንታት ተነሥቶ የነበረው መከለያ ተመልሶ ታሰረ። ሥራ ያዘገያል ተብሎ መነሣቱን አውቅ ነበር።

ተቆጣጣሪዋ ሲገቡ ቀድመው ያዩት ወለሉን ነው። ግድግዳው ሥር፣ በብረት ብናኝ ተከብቦ፣ ልክ የመከለያውን ቅርጽ የያዘ ንጹሕ ቦታ ነበር። ጎንበስ ብለው ጠርዙን በጣታቸው ነኩት። ከዚያ መከለያውን አስከፈቱ፤ ስለቱ መውረዱን አላቆመም። መከለያው ሲከፈት ማሽኑን የሚያጠፋው ማብሪያ በሽቦ ታስሮ ነበር።

የጥገናና የአደጋ መዝገቦቹን ጠየቁ። ማሽኑ ላይ የሚሠራውን ልጅ ሲያነጋግሩ አጠገባቸው ቆሜ ቀረሁ። «ብቻውን» አሉኝ። ወጣሁ። ሲጨርሱ ማሽኑ ወዲያውኑ እንዲቆም በጽሑፍ አዘዙ። ሥራ አስኪያጁ በስልክ «እስከ ጠዋት ይሥራ» ብለው ለመኗቸው። ይግባኝ ማለት እንደሚቻል ነገሯቸው፤ ማሽኑ ግን ቆመ።

ኋላ ሕጉን ፈልጌ አነበብኩ። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1947 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 81 መታወቂያ የያዘ ተቆጣጣሪ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ፣ በቀንም ሆነ በሌሊት፣ ቁጥጥር ወደሚመለከተው የሥራ ቦታ በነጻነት እንዲገባ ሥልጣን ይሰጠዋል። መዝገብ ማስቀረብ፣ ሠራተኛን ለብቻው መጠየቅ፣ ለአሠሪው አሳውቆ የቁሳቁስ ናሙና መውሰድ ይችላል። ያለ ቀጠሮ መምጣታቸውን እንደ ንቀት ቆጥሬው ነበር። ቀጠሮ ቢይዙ ኖሮ ያ ወለል ተጠርጎ፣ ሽቦውም ተፈትቶ ይጠብቃቸው ነበር፤ ሲሄዱ ደግሞ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ስሸኛቸው ያነሣሁት ጥያቄ ነው። «ማን ጠቁሞ ነው?» አልኳቸው። በስምምነቱ መሠረት ጠቋሚውን መግለጽ ቀርቶ፣ የመጡት በጥቆማ መሆኑን እንኳ ፍንጭ መስጠት አይፈቀድላቸውም። «ይህን ጥያቄ ለሠራተኞቹም አያንሡባቸው» ብለውኝ ሄዱ።

አላነሣሁም። ማን እንደጠቆመ፣ ጠቋሚ መኖሩንም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለዚያ ሽቦ ግን ልጁ ከሁለት ሳምንት በፊት ለእኔ ነግሮኝ ነበር።