እታለምን ያደከማት አንድ ነገር አልነበረም

ታላቅ እኅቴ፣ እታለም፣ ባሏ ከሞተ በኋላ ከማኅበርም ከቡናም ቀረች። ቢቸና አጠገብ ያለው መንደራችን ገሚሱ ኀዘን ነው አለ፣ ገሚሱ ዓይነ ጥላ፣ ገሚሱ ስንፍና። ይህ የመጨረሻው ቃል ያንገበግበኛል፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ስታጭድ የኖረች ሴት ናት።

እኔ ያየሁትን ሁሉ በደብተር መጻፍ ያዝሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ትነቃለች፤ እንጀራ አይወርድላትም፤ በጠራራ ፀሐይ ይበርዳታል፤ አንገቷ ላይ የቆየ እንቅርት አለ። እናታችንም በእሷ ዕድሜ ወራት ሙሉ ከቤት ሳይወጡ ከርመው ያውቃሉ። በዚያ ላይ የመሬት ክርክር ተነሥቶባታል። ሐኪሞቹን ከሁሉ በላይ የጠቀማቸው ያ ደብተር ነው፤ እሷ "ደክሞኛል" ከማለት በቀር ቃል አልነበራትም።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ዘጠኝ ጥያቄዎች ጠየቀቻት። የመጨረሻው ሞትን ስለ መመኘት ነበር። ደነገጥሁ፤ መጠየቅ ግን ሐሳቡን በሰው ልብ አይተክልም። እታለም "አዎ" ብላ አለቀሰች። ለማንም ነግራ አታውቅም።

ደብረ ማርቆስ ደሟ ሲመረመር አንገቷ ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መድከሙ ታወቀ። በጎጃም ደጋ የአዮዲን እጥረት የቆየ ችግር ነው፤ ዕጢው ሲደክም ጉልበትም ስሜትም አብረው ይወርዳሉ። ሐኪሙ ግን በዕጢው ብቻ አላበቃም። የመንትዮች ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሰዎች ለድባቴ፣ ዲፕሬሽን ለሚባለው ሕመም፣ ባላቸው ተጋላጭነት ከሚታየው ልዩነት 37 በመቶ ገደማው ከዘር የሚመጣ ነው። ሌላው ከኑሮ ነው፦ ሞት፣ ክርክር፣ ብቸኝነት። የረዘመ ጭንቀት ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ያውካል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ጭንቀትን የሚችልበት አቅም ያንሰዋል።

ስለዚህ በሁሉም በኩል ገባን። የዕጢውን ኪኒን ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከቡና በፊት ትውጣለች፤ ለድባቴው ፍሉኦክሴቲን ታዘዘላት። መሬቱን ሽማግሌዎች ያዙት። ጎረቤቶች ቡናውን እሷ ቤት እንዲያፈሉ ለመንኋቸው። የነፍስ አባቷም "ጸበሉንም ተጠመቂ፣ ኪኒኑንም ዋጪ" አሏት፤ ከእኔ ልመና ሁሉ የእሳቸው ቃል ሠራ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ፍሉኦክሴቲን ማቅለሽለሹን ያስቀድማል፣ ጥቅሙን ሳምንታት ያዘገያል፤ አስታማሚ አጠገብ መቆየት ያለበት ያኔ ነው። ሲሻላት "ይበቃኛል" አለች። ሐኪሙ ከተሻላትም በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር እንድትቀጥል ነገራት። ቀጠሮዋን የምቆጥርላት እኔ ነኝ።