ኤዲኤችዲ፣ የማታ ሺፍት እና የእናት ጉልበት

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የማታ ሺፍት እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ቀን ቀን ኡበር ይነዳል። ሁለተኛ ክፍል የሚማረው ልጃችን ኤዲኤችዲ (ትኩረትን መምራትና ረግቶ መቀመጥ የሚያስቸግር የአእምሮ እድገት ሁኔታ) አለበት። ስለ እንዲህ ዓይነት ልጆች ብዙ ይባላል። ስለሚያሳድጋቸው ሰው ጭንቀት ግን፣ ያውም አያትና አክስት በሌሉበት አገር፣ እኛ መካከል ሲወራ ብዙም አልሰማሁም።

ጠዋት ከሥራ ስገባ ዓይኔ በእንቅልፍ ይከደናል። የትምህርት ቤት አውቶብስ ደግሞ አይጠብቅም። ልጁ አንድ እግር ካልሲ ያደርግና ሌላውን ሊያመጣ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ መጫወቻ መኪናውን ካገኘ እዚያው ይቀራል። ጥርሱን ሊቦርሽ ገብቶ በቧንቧ ውኃ ሲጫወት አገኘዋለሁ። ማታ አባቱ አጠገቡ ተቀምጦ ያሠራው የቤት ሥራ ጠረጴዛ ላይ ተረስቷል። ሌጎ ሲሠራ ንቅንቅ ስለማይል ሰዎች «ሲፈልግማ ይችላል» ይሉኛል። የኤዲኤችዲ ጠባዩ ይኸው ነው። ትኩረት አለው፤ ትኩረቱን ወደ ሚያስፈልገው ነገር መምራት ነው የሚቸግረው።

እኔን ግን ከጠዋቱ ትርምስ በላይ ያደከመኝ የሰው ዓይን ነው። ቅዳሴ ላይ ሲቁነጠነጥ ከኋላዬ «ምናለ ብትቆጣው» ይባላል። ለቅሶ ቤት ይዤው ስሄድ «የአሜሪካ ልጅ እንዲህ ነው፣ ቁንጥጫ አያውቅም» ይሉኛል። አንዷ ቡዳ ነው አለችኝ። መድኃኒት መጀመሩን የሰማች ሌላዋ «ልጅሽን ሱስ ልታስይዢው ነው?» ብላ ደነገጠች። ተቆርቁረው እንደሚናገሩ አውቃለሁ። ግን ሌሊቱን ሙሉ ሕመምተኛ ሲያገላብጥ ላደረ ሰው ይከብዳል። ለዚህ ብዬ ሰው ቤት መሄድ ቀነስኩ። ብቻዬን ስሆን ደግሞ ጭንቀቱ ባሰብኝ።

አማቴ ከደሴ ሲደውሉ «አባቱም ልጅ ሆኖ እንዲሁ ነበር» ይላሉ። እውነት አላቸው። በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች የዘር ድርሻው ከ70 በመቶ በላይ መሆኑን ያሳያሉ። የወላጅ ልቅነት ያመጣው ነገር አይደለም። ብቻችንንም አይደለንም፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከ3 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጆች ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጉት ኤዲኤችዲ እንዳለባቸው በሐኪም ተነግሯቸው ያውቃል። ከእነዚህ ውስጥ የሀበሻ ልጅ የለም ብሎ የሚያስብ ካለ ቤቴ ይምጣና ይይ።

ሸክሙ የቀለለኝ ነገሩን ለሰው መናገር ስጀምር ነው። መጀመሪያ ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። «ሲጨንቀው ወጣ ብሎ ይምጣ፣ ቅዳሴው አያመልጠውም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ዞሮ ሲያየኝ ብዙም አልሳቀቅም። ጸበልም እንወስደዋለን፣ መድኃኒቱንም ይወስዳል። መድኃኒቱ ቁጥጥር ያለበት ስለሆነ በአንድ ማዘዣ ደጋግሞ መውሰድ አይቻልም፤ በየጊዜው አዲስ ማዘዣ ያስፈልጋል። ያንን የሚከታተለው አባቱ ነው። አንድ ነገር ከራሴ ላይ ወረደ።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ ይህን እወቁ። ልጃችሁ እንዲገመገም የምትጠይቁት በጽሑፍ ይሁን፤ ቀን ጻፉበት፣ ኮፒውን አስቀምጡ። በፌዴራል ሕግ ወላጅ ፈርሞ ከተስማማ በኋላ ግምገማው በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት፤ የራሳቸው ቀነ ገደብ ያላቸው ስቴቶችም አሉ። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ከሆነ አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ፤ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። የእኛ ልጅ በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣው የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ የሚሰጠውን የ504 ፕላን፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ ለልጁ የሚያመቻችለትን ነገር የሚዘረዝር እቅድ፣ አገኘ። ከፊት ይቀመጣል፣ ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት አለው፣ መሃል ላይ ተነስቶ ይንቀሳቀሳል። በየቀኑ ከመምህሯ ይመጣ የነበረው ስልክ ቀነሰ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሆዴ መረበሹን ያቆመው ያኔ ነው።

ልጅ ለመንከባከብ ከሥራ የሚወሰደውን የእረፍት ፈቃድ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ፣ ሐኪም ካረጋገጠ፣ በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ይፈቅዳል፤ በሰዓትና በቀን ከፋፍሎ መውሰድም ይቻላል። 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመት መሥራትንና በዚያ ዓመት 1,250 ሰዓት መሙላትን ይጠይቃል። እኔ ለቴራፒ ቀጠሮ እጠቀምበታለሁ። ባለቤቴ ግን ኡበር ስለሚነዳ አይመለከተውም፤ ይሄ ያሳዝነኛል።

ቴራፒ ስል፣ ትልቁ ክፍል ለወላጅ የሚሰጥ ሥልጠና ነው። ሦስት ነገር በአንዴ አታዝዙት ተባልን። ትከሻውን ነካ አድርጎ፣ ዓይኑን አይቶ፣ አንድ ነገር ብቻ። ሲያደርገው ወዲያው «ጎበዝ» ማለት። የጠዋቱን ሥራ በሥዕል አድርገን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ድምፄ ተረፈልኝ፤ ከማታ ሥራ በኋላ ይሄ ቀላል አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን ስናገር የሰማች አንዲት እናት ደግሞ ቀስ ብላ «የእኔም ልጅ እንዲሁ ነው» አለችኝ። አሁን አንድ ቅዳሜ የእሷ ልጅ እኛ ቤት ይውላል፣ በሌላው ቅዳሜ የእኔ እሷ ቤት። ሁለቱ ሲገናኙ ቤቱ ይናወጣል፤ ግን አንዳችን ለሌላችን ይቅርታ አንጠይቅም። ተራዬ ባልሆነበት ቅዳሜ እስክጠግብ እተኛለሁ። ልብስ አላጥብም፣ ስልክም አላነሳም። ሰሞኑን ሦስተኛ ቤተሰብ ልግባ ብሎ ጠይቆናል። አባትየው እሱም ሹፌር ስለሆነ ከባለቤቴ ጋር ሰዓት እያስተካከሉ ነው።